ቶበርሞሪ የኖረ ሰው አለ? የሆቴል ሥራ አግኝቼ ልሂድ ልቅር እያልኩ ነው

ማኅደር_ጂ
ሰላም የቤቱ ልጆች። ግላስጎው ነው የምኖረው፤ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰሞኑን አንድ የሆቴል ሥራ ተገኘልኝ። ክፍል ማጽዳትና ጠዋት ቁርስ ማቅረብ ነው። ቦታው ግን እዚህ አይደለም። መል የምትባል ደሴት ላይ ያለች ቶበርሞሪ የምትባል የወደብ ከተማ ናት። ኮንትራቱ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ነው። መኝታ ይሰጣሉ፣ ከደመወዝ ትንሽ ይቆርጣሉ።

ፎቶዋን ጎግል ላይ አየሁት። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ቤት ውሃ ዳር ተደርድሯል። ከረሜላ ነው የመሰለኝ። ለእማዬ ደውዬ ስነግራት "ደሴት ማለት ዙሪያውን ውሃ አይደል? ታዲያ ቢቸግርሽ በምን ትወጫለሽ?" አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅሁባት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

የኖረም የሠራም ካለ ንገሩኝ። ብርዱን፣ ሰዉን፣ መንገዱን፣ የእንጀራውን ነገር። በሳምንት ውስጥ መልስ ስጪ ብለውኛል።

ቡልቡላ22
ለንደን ነኝ። አምና ከጓደኞቼ ጋር ለአንድ ቀን ሄጄባታለሁ። ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። ግን ዋናውን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደን ስንጨርስ አሥር ደቂቃ አልሞላም። አሳ በቺፕስ በላን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ዝናብ መጣ፣ አለቀ። ሰባት ወር? እኔ በሁለተኛው ሳምንት ከግድግዳ ጋር ማውራት እጀምራለሁ። ለሽርሽር እንጂ ለኑሮ አትሆንም።

የጎርጎራው
ማኅደር፣ እኔ ሁለት ሲዝን እዛ ሠርቻለሁ። ዕቃ አጣቢ ሆኜ ገባሁ፣ በሁለተኛው ዓመት አትክልት ከታፊ ሆኜ ወጣሁ። ሹመት በሉት።

ቡልቡላ፣ አንተ ያየኸው ፊቷን ነው። ባለ ቀለሙ ቤት ውሃው ዳር ያለው አንድ ረድፍ ብቻ ነው። ሰዉ የሚኖረው ከጀርባው፣ ዳገቱ ላይ ነው። ዳገት ስልህ ሽሮሜዳን አስብ። ታች ሱቅ ገብተህ ዘይትና ድንች ገዝተህ ቤትህ እስክትደርስ ሁለቴ ትቆማለህ። እዛ ላይ ቤቱ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ፎቶ የሚያነሣውም የለም።

አሁን መንገዱን ልንገርሽ። ከግላስጎው ኩዊን ስትሪት ኦባን ድረስ ባቡር ነው፤ ሦስት ሰዓት ከምናምን ይወስዳል። ባቡሩ ሲያወርድሽ ወደቡ እዛው አፍንጫሽ ሥር ነው። ፌሪው 50 ደቂቃ ገደማ ሄዶ ክሬግኑር ያወርድሻል። አዲስ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ደረስኩ ብሎ ይደውላል። አልደረሰም። ቶበርሞሪ ገና 34 ኪሎ ሜትር ይቀራል፣ በአውቶቡስ። ሴለን ከምትባል መንደር በኋላ መንገዱ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከፊት ሌላ ከመጣ አንዱ ለዚሁ ተብላ የተሠራች ጥግ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚያልፈው እጁን ያነሣል። እጅ ሳያነሱ ማለፍ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ እያየሽ ሰላም ሳይሉት እንደማለፍ ነው። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ እጁን ሲያነሣ ይውላል።

የእናትሽ ጥያቄ ግን ትክክለኛው ጥያቄ ነው። እኔ ጎርጎራ ነው ያደግሁት። ከባሕር ዳር የሚመጣው ጀልባ በሳምንት አንዴ ነበር። የመጣ ቀን ከተማው ሞቅ ይላል፣ ካልመጣ ሁሉም ሰው ጣናን እያየ ይቀመጣል። መል ላይ ፌሪው በቀን ብዙ ጊዜ ነው። ነገሩ ግን ያው ነው። ሱቅ ገብተሽ ዳቦው መደርደሪያ ባዶ ከሆነ ማንንም አትጠይቂም። መስኮት ከፍተሽ ንፋሱን ትሰሚያለሽ፣ ይገባሻል። በምን ትወጫለሽ ላለችሽ መልሱ፦ ንፋሱ ከፈቀደ በፌሪ።

ሐያት_ማንችስተር
ስለ ቀኑ ርዝመት አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ለሦስት ሳምንት ጁን ላይ እዛ የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ነበር። ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ነው። መግሪብን ስጠብቅ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ከጠለቀችም በኋላ ሰማዩ በደንብ አይጨልምም። ወፍራም መጋረጃ ያለው ክፍል ጠይቂ።

የጎርጎራው
ሐያት ልክ ነሽ። ዲሴምበር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ትወጣና 10 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። አንድ ክረምት ቆይቼ አይቼዋለሁ። ምሳ በልተሽ ሰሃን አጥበሽ ቀና ስትዪ መሽቷል።

ስለ ሚጅም ልንገርሽ፤ ማንም አይነግርሽም። ከትንኝ ያነሰች ተናካሽ ናት። ንፋስ ሲቆም፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ በተለይ ማታ ማታ ትመጣለች። አንዷን አታያትም፣ የምታዪው ደመናዋን ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ልብስ ውጭ ለማስጣት ከወጣሽ ፊትሽን ሸፍነሽ ነው። ለዚህ ነው የደሴቱ ሰው ንፋስን የማይሳደበው።

ፍሬ_አበርዲን
የስሟን ነገር ማንም አላነሣም? በጌሊክ "ቶባር ቮረ" ነው የሚሏት። ቶባር ማለት የውሃ ጉድጓድ ወይ ምንጭ ነው፤ ቮረ ደግሞ ማርያም። የማርያም ምንጭ። የእኛ ሰው ቢተረጉመው ያለ ጥርጥር "ማርያም ጸበል" ነው የሚላት። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥም በዚችው ስም የተሰየመች ሌላ ቶበርሞሪ አለች።

ስሙ የጥንት ይሁን እንጂ ከተማዋ በወረቀት ላይ ታቅዳ የተሠራች ናት። 1788 የብሪታንያ የአሳ ማስገር ማኅበር የሚባለው ድርጅት ነው የቆረቆራት። በዚያው ዓመት ዋናው ምድር ላይ አላፑል የምትባለውን ሌላ የወደብ ከተማ መሠረተ። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ ወደብና ቤት እንሥራ፣ ለሕዝቡ መሬት እንስጥ፣ ሄሪንግ የሚባለውን አሳ እያጠመደ ይኑር። ሁሉም ነገር ተሰላ። ለንደን ላይ ሲወሰን አሳው ስብሰባው ላይ አልነበረም። ሄሪንጉ በብዛት የሚገኘው ሌላ ቦታ ሆነና መሬት የተመደበለትም ሰው ወደ ንግዱና ወደ እርሻው አደላ።

ከተማዋ ግን አልሞተችም። ምክንያቱ የባሕር ወሽመጡ ነው። ካልቭ የምትባል ትንሽ ደሴት አፉ ላይ እንደ በር ተጋድማ ማዕበሉን ታስቀርላታለች። መርከብ ሁሉ ንፋስ ሲያይል እዛ ይጠለላል። 1798 ጆን ሲንክሌር የሚባል ነጋዴ የዊስኪ ፋብሪካ ከፈተ። ሰውዬው የባሕር አረም አስቃጥሎ አመዱን ለመስታወትና ለሳሙና ሠሪዎች የሚሸጥ ነበር። ፋብሪካው ከ1930 እስከ 1972 ተዘግቶ ቢቆይም ዛሬም እዛው ወደቡ ጫፍ ላይ አለ።

ቡልቡላ22
ፍሬ ይሄ ሁሉ ደስ ይላል፣ ግን ልጅቷ የጠየቀችው ሥራ ልሂድ ወይ ነው። 1788ን ምን ታድርገው?

ፍሬ_አበርዲን
የምታደርገው አለ። በ1821 የመል ሕዝብ ከ10 ሺህ በላይ ነበር። ዛሬ 3 ሺህ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ሺህ ያህሉ ቶበርሞሪ ነው የሚኖረው። የባሕር አረሙ ገበያ ወደቀ፣ ባለርስቶቹ ሰውን አስነሥተው በግ አሰማሩ፣ 1846 ላይ ድንቹን በሽታ መታው። ሰዉ በመርከብ ተጭኖ ወደ ካናዳና ወደ ሌላ ሌላ አገር ሄደ። ስለዚህ እዛ ስትሄጂ "ከየት መጣሽ፣ ለምን መጣሽ" ብለው ሲጠይቁሽ ክፋት አይደለም ማኅደር። ተሰዶ ያለቀ አገር ሰው ነው የሚጠይቅሽ። አዲስ ሰው መጥቶ ሲቀመጥ ይቆጥሩታል።

ጋሽ_ምጽዋ
ልጆቼ ሰላም ናችሁ። ጽሑፋችሁን ሳነብ ነው የዋልኩት። እኔ በወጣትነቴ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባልደረባ ነበርኩ፣ ምጽዋ። አሁን ኤድንብራ ጡረታ ላይ ነኝ። ቶበርሞሪን ሁለት ጊዜ በራሴ ገንዘብ ሄጄ ጎብኝቻለሁ። ምክንያቴ ቀለሙ አልነበረም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያ ወሽመጥ ትምህርት ቤት ነበር። የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ዕቃ ጫኝ መርከቦችን እየለቀመ ሲያሰምጥ፣ አጃቢ መርከብ ላይ የሚመደቡ አዲስ መርከበኞች እዛ መጥተው ሁለት ሳምንት ያህል ይሠለጥኑ ነበር። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ባሕር ያላዩ የባንክ ጸሐፊና የሱቅ ሠራተኛ ናቸው። አሠልጣኛቸው ጊልበርት ስቲቨንሰን ይባላል። ጡረታ ወጥቶ የነበረ አድሚራል ነው፤ 1940 ሲጠሩት ዕድሜው 62 ነበር። "የቶበርሞሪ ሽብር" ነበር የሚሉት።

አንድ ቀን፣ እንደሚተረከው፣ አንዲት መርከብ ላይ ድንገት ይወጣና ባርኔጣውን አውልቆ ወለሉ ላይ ይወረውራል። "ይህ ያልፈነዳ ቦምብ ነው! ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። ሁሉም ደርቆ ሲቀር አንዱ መርከበኛ ሮጦ ባርኔጣዋን በእግሩ ጠልዞ ባሕር ውስጥ ይከታታል። ሽማግሌው ልጁን አመሰገነው። ወዲያው ወደ ውሃው እየጠቆመ "ያ ደግሞ ዋና የማያውቅ ሰው ነው፤ እየሰመጠ ነው፣ ግባና አውጣው!" አለው። ልጁ ገባ። የስኮትላንድ ውሃ ነው እንግዲህ።

እኛም ምጽዋ እንዲህ ዓይነት አለቃ ነበረን። የእኛ ውሃ ግን ሞቃት ነበር።

ማኅደር_ጂ
ጋሼ እንዴት ደስ አለኝ! እባክዎ ሌላም ካለ ይጻፉልን።

ጋሽ_ምጽዋ
ሌላውማ መርከቧ ናት ልጄ። 1588 እንግሊዝን ሊወር የመጣው የስፔን ጦር መርከብ ሲበታተን አንዷ ተከትሎ የመጣውን ማዕበል ሸሽታ እዛ ወሽመጥ ገባች። ስንቅና ውሃ ለመነች። የደሴቱ ባላባት ላክላን ማክሊን "ስንቅ እሰጣለሁ፣ በለውጡ ወታደሮችህን አውሰኝ" አለ። ሰጡት። ጎረቤት ደሴቶች ላይ ያሉ ጠላቶቹን ወጋባቸው። ከዚያ ኖቬምበር ላይ መርከቧ እዛው እንደቆመች ፈነዳችና ሰመጠች። ማን እንዳፈነዳት ብዙ ተወርቷል። ወርቅ ጭናለች ተብሎም ለአራት መቶ ዓመት ጠላቂ ሁሉ ጭቃውን ሲቆፍር ኖሯል። መድፍና ጥቂት ዕቃ እንጂ የተወራለት ወርቅ አልተገኘም። በዚህ ሁሉ ዘመን የመቆፈር መብቱ የአርጋይል መስፍኖች ነው፣ ከ1641 ጀምሮ። አንድ ሳንቲም ቢገኝ ባለቤት አለው ማለት ነው።

የጎርጎራው
ጋሼ፣ የሚገርመው ስፔን ዛሬም እዛ አለች። ከስኮትላንድ የምዕራብ ጠረፍ በወጥመድ ቅርጫት የሚያዘው ትልልቁ ፕሮን (ሽሪምፕ የሚመስል የባሕር እንስሳ ነው) ብዙው በቁሙ ተጭኖ ወደ ስፔንና ፈረንሳይ ነው የሚሄደው። ጠዋት ለሥራ ስወርድ ግንቡ ላይ ሲጭኑ አይ ነበር። እያንዳንዱን ፕሮን ለብቻው እንደ ጣት በምታህል ቀዳዳ ውስጥ ያቆሙታል፣ እንዳይናከሱ። መጀመሪያ ቀን ሳየው እንቁላል የሚደረድሩ መስሎኝ ነበር።

ማኅደር_ጂ
እሺ አሁን ወደ ሆዴ። እንጀራ?

የጎርጎራው
ይሄን ስትጠይቂ ነው ስጠብቅ የነበረው።

እንጀራ ደሴቱ ላይ የለም። ከግላስጎው ይዘሽ ሄደሽ ፍሪዘር ውስጥ ትከቻለሽ። ያለው አንድ መካከለኛ ሱፐርማርኬት ነው፤ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ዶሮ አታጪም። ዓርብ ረቡዕ ለሚጾም ሰው ምስሩ ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ካማረሽ ግን ግላስጎው ተመልሰሽ ነው።

ማስጠንቀቂያ ልስጥሽ። በመጀመሪያው ወር አካባቢ አንድ እሑድ ማታ አምሮኝ በሠራተኞች ኩሽና ቁሌት ጣድኩ። ሽንኩርቱ ቀላ፣ በርበሬውን ጨመርኩ፣ ዘይቱ ትንሽ ግሎ ኖሯል። ጭሱ ወጣ። ሦስት ጊዜ አስነጠስኩ። ከዚያ የጭስ አላርሙ ጮኸ። የእኛ ክፍል ብቻ መስሎኝ በፎጣ ሳራግብለት፣ ለካ ከዋናው ሕንጻ ጋር የተያያዘ ነው። እንግዳው ሁሉ በፒጃማ ዝናብ ላይ ወጣ። አንዲት አሮጊት ውሻ አቅፋ። እሳት አደጋ መጣ። እዛ እሳት አደጋዎቹ ሌላ ሥራ ያላቸው፣ ጥሪ ሲመጣ ጥለው የሚሮጡ የከተማው ሰዎች ናቸው። አንዱ በየጠዋቱ አሳ የሚያመጣልን ሰውዬ ነው። ሄልሜቱን እንዳደረገ ድስቱን ከፍቶ አየ፣ አሸተተ፣ "ይሄ ምንድነው?" አለ። ነገርኩት። በማግሥቱ አሳውን ሲያመጣ ባዶ የአይስክሬም ዕቃ ይዞ መጣ፤ ወጥ ልትሞላልኝ ትችላለህ ወይ አለኝ። ሲዝኑ እስኪያልቅ በየሳምንቱ ሞላሁለት። መስኮት ከፍቼ።

ቡልቡላ22
እሺ ተሸነፍኩ። ግን ይሄን ያህል ከወደድካት ለምን ጥለሃት መጣህ?

የጎርጎራው
ቤት።

ሥራው ሞልቷል። ጠረጴዛ የሚያነሣ፣ አልጋ የሚያነጥፍ፣ አረጋዊ የሚንከባከብ ሰው ይፈለጋል። የሚከራይ ቤት ግን የለም። ብዙው ቤት በዓመት ጥቂት ሳምንት የሚመጣ ሰው ነው የገዛው፣ ወይ በሳምንት ለቱሪስት ይከራያል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቢቢሲ የልጆች ፕሮግራም እዛ ከቀረጸ ወዲህ ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ ቀለም ያለውን ቤት ፍለጋ ይጎርፋል። የአርጋይልና ቢዩት ምክር ቤት ጁን 2023 የቤት እጥረት አስቸኳይ ሁኔታ ያወጀው በከንቱ አይደለም። ማታ ዳገቱን ስወጣ መብራት የሌለባቸውን መስኮቶች እቆጥር ነበር። ጃንዋሪ ላይ መቁጠሩን ተውኩት።

እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ያጋጠመኝን ልንገርሽ። የቦታውን ስም አልጠራም። ኮንትራቱ ሲያልቅ ክፍሉን በ48 ሰዓት ልቀቅ ተባልኩ። በዚያው ቀን ንፋስ ተነሣና ፌሪው ቀረ። ሻንጣዬን ይዤ መሄጃ አጥቼ ቆምኩ። ያ አሳ የሚያመጣው ሰውዬ ነው ሁለት ቀን ሶፋው ላይ ያስተኛኝ። ስለዚህ ማኅደር፣ ከመፈረምሽ በፊት ኮንትራቱ ካለቀ በኋላ ክፍሉ ስንት ቀን እንደሚቆይልሽ በጽሑፍ ይስጡሽ። ፌሪ ቢቀርስ? ይሄንንም አጽፊ። ስቀውብሽ ይሆናል፣ ይሳቁ። ሌላ፣ ሆስፒታሉ ያለው ክሬግኑር ነው፤ ከበድ ያለ ነገር ከሆነ ወደ ዋናው ምድር ነው የሚወስዱሽ። ቋሚ መድኃኒት ካለሽ ትርፍ ያዢ።

በእረፍት ቀንሽ ደግሞ አዮና ሂጂ። ከቶበርሞሪ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ጀልባ። ቅዱስ ኮሉምባ በ563 ከአየርላንድ መጥቶ ገዳም የመሠረተባት ደሴት ናት። ለእኔ ከጣና ዳር ለመጣሁት የአገሬ ሽታ አላት፤ ውሃ፣ ድንጋይ፣ መነኩሴ። ልዩነቱ ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገባም፣ አዮና ትገቢያለሽ።

ማኅደር_ጂ
ስለ ክፍሉ ጻፍኩላቸው። ሁለት ሳምንት ትርፍ፣ ፌሪ ከቀረም እስኪሄድ ድረስ። "እሺ" ብለው ፈርመው ላኩት። ሳቁ አልሳቁ አላውቅም። እሄዳለሁ።

ጋሽ_ምጽዋ
መልካም መንገድ ልጄ። ፌሪው ላይ ውጭ ቁሚ፣ ውስጥ አትቀመጪ። ዓይንሽ አድማሱን ካየ ሆድሽ አይገለበጥም።

ማኅደር_ጂ
ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ጋሼ፣ ውጭ ቆምኩ። ሆዴ አልተገለበጠም፣ ኮፍያዬ ግን ባሕር ገባ። ዘልዬ አላወጣሁትም።

ክፍሌ ከጀርባ በኩል ነው፤ የማየው የቆሻሻ ገንዳና እርጥብ የድንጋይ ግንብ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሥራ ስዞር ግን ሁሉም ቀለም በአንዴ ይመጣብኛል፣ ውሃው ላይ ደግሞ ተገልብጦ። ትናንት እዛው ቆሜ ለእማዬ በቪዲዮ አሳየኋት። "ማን ቀባው ይሄን ሁሉ?" አለች። የስሟን ትርጉም ስነግራት ዝም አለች። ቀጥላ "ማርያም ጸበል ብለሽ ነበር መጀመሪያ መንገር፤ እኔን ስታስጨንቂኝ ከረምሽ" ብላ ተቆጣችኝ። አሁን በሰው ላኪልኝ እያለች ነው። ወገቧን ያማታል።

ምንጯ የት እንዳለች የምታውቁ አላችሁ?

የጎርጎራው
ሁለት ሲዝን ኖሬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። አሳ የሚያመጣውን ሰውዬ ጠይቂው። ባዶ ዕቃ ከያዘ እሱ ነው።

ማኅደር_ጂ
ካላገኘኋት የቧንቧውን ሞልቼ ብልክላትስ? ያው የቶበርሞሪ ውሃ ነው። ኃጢአት ነው?

ጋሽ_ምጽዋ
ኃጢአት ነው።